ሦስት ሽማግሌ በማለዳ፣ ለአንድ ፒንቦል

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልናገር፤ እኔ ካልተናገርኩ ማን ይናገርልኛል? ሰይድ እባላለሁ። ኦክላንድ ውስጥ ግን “ጋሽ ሰይድ ማሽኑ” ካላላችሁ የሚያውቀኝ የለም። ዕድሜዬ ሰባ ሁለት ነው። ትምህርት ቤት ያስተማረኝ እስከ ስድስተኛ ክፍል ሲሆን ከዚያ በላይ ያለውን ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ደሴ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ብርጭቆ አጣቢ ሳለሁ፣ በእኛ ጊዜ ፍሊፐር የምንላት የብረት ኳስ መጫወቻ ተበላሽታ ሦስት ወር ቆመች። ባለቤቱ ሊጥላት ሲል ጀርባዋን ከፍቼ አራት ቀን አፈጠጥኩባት። በአምስተኛው ቀን ደወሏ ጮኸ።

እዚህ አገር ፒንቦል ይሏታል። ዛሬ ከኤል ሴሪቶ እስከ ሳን ሆዜ አሮጌ ፒንቦል ያለው ሰው ማሽኑ ሲሞትበት የሚደውለው ለእኔ ነው። ዲግሪ የደረደሩ ኢንጂነሮች ጋራዤ ውስጥ ቆመው እጄን ሲያዩ ውለዋል። አንዱ የት እንደተማርኩ ቢጠይቀኝ “ደሴ፣ ከባንኮኒው ጀርባ” አልኩት።

ሁለተኛው ክብሬ አንደበቴ ነው። በእኛ ማኅበር ሰው ሲሞት መርዶ የምንነግረው ሦስት ነን፦ እኔ፣ ሐጂ ኑሩና አቶ መኮንን። ሐጂ ኑሩ ታክሲ ነድቶ ያረጀ የወሎ ሰው ነው፤ አሁን ፕሌዘንተን የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። አቶ መኮንን ኤመሪቪል አንድ ትልቅ ሱቅ በር ላይ ሴኩሪቲ ነው፤ ከቅዳሴ ቀርቶ አያውቅም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሲሞት ሦስታችን ገና ሳይነጋ እንሄዳለን። በሩ ሲከፈት የመጀመሪያውን ቃል የምናገረው እኔ ነኝ። በቀጥታ አይባልም። “ትንሽ አሞታል፣ ሆስፒታል ገብቷል” ተብሎ ይጀመርና ሰው ልቡን ሲያዘጋጅ ቀስ ተብሎ ይገባል። እንዲህ አድርገን አሥራ አንድ ቤት ገብተናል። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር።

ከአሥራ አንዱ አንዷ ሳን ሆዜ ያለችው ወይዘሮ እታገኝ ናት። ባሏ ተፈራ ከሦስት ዓመት በፊት ሥራው ላይ እንዳለ ልቡ ቆሞ ሞተ። የነገርናት እኛ ነን።

ተፈራ አንዲት ፒንቦል ነበረችው። ሳን ሆዜ ከመምጣታቸው በፊት ዴንቨር ሳሉ የገዛት፣ ኮምፒውተር የሌላት፣ በሽቦና በደወል ብቻ የምትሠራ። የአሮጌ ማሽን ሰብሳቢዎች ስሟን ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ብዙ አልቀሩማ። ጭንቅላቷ ላይ ያለው መስታወት ከጀርባው የተሳለ ሥዕል አለው፦ ቀይ ጃንጥላ ይዛ በገመድ ላይ የምትሄድ ሴት። ተፈራ “ቁርጥ እታገኝን” ይል ነበር። ልጃቸው ናሆም ያደገው ወንበር ላይ ቆሞ እሷን ሲጫወት ነው። ማሽኗ ዴንቨር፣ የተፈራ ወንድም ምድር ቤት ቀርታ ነበር። ናሆም አሁን ትራክ ነጂ ነው፤ ስቴት ከስቴት ያቋርጣል። ሊያገባ ሲል እናቱ ደወለችልኝ።

“ጋሽ ሰይድ፣ የአባቱን ማሽን ለሠርጉ ልስጠው ብዬ። እርስዎ ካሉ አልፈራም።”

“በእኔ ጣይው” አልኳት።

የተፈራ ወንድም ዴንቨር ሆኖ በቪዲዮ እያሳየኝ፣ እኔ ኦክላንድ ሆኜ እያዘዝኩ አሸግናት። እግሯን ፍታ፣ ጭንቅላቷን እጠፍ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልል፣ በካርቶን ክደን፣ የእንጨት ፓሌት ላይ በቀበቶ እሰር። ሲጨርስ “የቀረ ነገር አለ ጋሽ ሰይድ?” አለኝ።

“እኔ ያየሁት ነገር ምን ይቀረዋል!” አልኩት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋራዤ ደረሰች። ካርቶኑ ጭረት የለውም። ፈርሜ ሾፌሩን ሸኘሁና ለማቆም ስገፋት ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ቅል ውስጥ ጠጠር ሲንከባለል የሚሰማው ዓይነት።

እጄ ላይ ያለው ጠመንጃ መፍቻ ወደቀ። ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። መጫወቻዋን የሚከድነው የላይኛው መስታወት ዱቄት ሆኗል። እላዩ የታጠፈው ጭንቅላት ሥዕል ደግሞ እንደ ሸክላ ተከስክሷል፤ የሴትዮዋ ጃንጥላ አንድ ቦታ፣ እግሯ ሌላ ቦታ። ከስባሪው መካከል ደግሞ ንጹሕ ሆና፣ እያበራች፣ የብረት ኳሷ ተቀምጣለች።

ገባኝ። ፒንቦል ሲጓጓዝ ከሁሉ በፊት ኳሷ ትወጣለች። ይህን የትናንት ጀማሪ ያውቀዋል። ሁሉንም ስናገር ይህችን አንዲት ነገር አልተናገርኩም። ኳሷ ከዴንቨር እስከ ኦክላንድ በየጉድጓዱ እየተነሳች የላይኛውን መስታወት ሰብራ፣ ከዚያ የሴትዮዋን ሥዕል እንደ መዶሻ ስትቀጠቅጠው መጥታለች። አጓጓዦቹ ምንም አላጠፉም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

አንባቢዬ፣ እኔ ፈሪ አይደለሁም። ያን ዕለት ግን ፈራሁ። ስልኬን አነሳሁ፣ የእታገኝን ስም አየሁ፣ አስቀመጥኩት። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግኩ። ከዚያ ኳሷን አንስቼ ኪሴ ከተትኳትና ለሐጂ ኑሩ ደወልኩ።

“ትራንስፖርቱ ሰብሮት መጣ” አልኩት። እንዲህ ስል አላፈርኩም።

“ታዲያ ኮል አድርገህ ንገራታ!”

“የተፈራ መታሰቢያ ናት። በስልክ አይሆንም። ሽማግሌ ሆነን እንሂድ።”

“ለማሽን ሽማግሌ!” ሐጂ ሳቀ። “ነገ ደግሞ ለፍሪጅ ተዝካር እናወጣለን።”

አቶ መኮንንን ወደ ስልኩ አስገባነው። “ከሰዓት በኋላ ቢሆንስ?” አለ።

“እኔ ሦስት ሰዓት ላይ ፕሌዘንተን መግባት አለብኝ” አለ ሐጂ። “ትራፊኩም ከአንድ ሰዓት በኋላ አይቻልም። እንደ ወትሮው በማለዳ እንሂድ።”

እንደ ወትሮው። ይህን ቃል ሦስታችንም ሰማነው፤ አንዳችንም ግን ልብ አላልነውም።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሐጂ መኪና ተነሳን። ስባሪውን ፎጣ ባነጠፍኩበት ካርቶን አድርጌ ኋላ ጫንኩት። የመኪናው ማሞቂያ አይሠራም፤ ጉም ነበር። አቶ መኮንን ብርዱን ሲሸሽ ነጠላውን ተከናነበ። ሐጂ ነጭ ቆቡን አጥልቆ ጋቢ ደረበ። እኔ ጥቁር ካፖርቴን ለብሻለሁ። በመንገድ ላይ አልተጫወትንም፤ እኔ ኳሷን ኪሴ ውስጥ እያንከባለልኩ የምናገረውን እለማመድ ነበር።

ስንደርስ ገና በደንብ አልነጋም። በሯ ላይ ካሜራ ያለው ደወል አለ። ተጫንኩት። ሰማያዊ መብራቱ በራ። ሦስታችንም አንገታችንን ደፍተን ቆምን፤ ማንም አላዘዘንም፣ አንገታችን ለምዶት ነው።

“ማነው?” አለ የእታገኝ ድምፅ ከደወሉ ውስጥ፣ እንቅልፍ እንደያዘው።

ሌሊቱን ሙሉ የተለማመድኩት ጠፋኝ። ምላሴ የሚያውቀውን ተናገረ። “እኛ ነን እታገኝ። አይዞሽ። ክፈቺልን።”

ትንፋሿ ይሰማል። ሐጂ ሊያግዘኝ ብሎ “ቁጭ ብለን ነው የምንነጋገረው” ሲል ጨመረበት።

ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። “ናሆም! ልጄን! ልጄን በላችሁት!” ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ፣ ብርጭቆ ሲሰበር ሰማን። ከዚያ ምንም። በደወሉ ውስጥ የሚሰማው የሚፈስ የቧንቧ ውኃ ብቻ ነበር።

ዘወር ብዬ ጓደኞቼን አየኋቸው። አቶ መኮንን በጥድፊያ ነጠላውን ያጣፋው እንደ ሐዘንተኛ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ነው። ቆብ፣ ጋቢ፣ ጥቁር ካፖርት። እነዚያው ሦስት ሰዎች፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው በር ላይ። ወላዲቱ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር?

“እታገኝ! ናሆም ደህና ነው! እታገኝ!” በሩን ደበደብን። መልስ የለም።

ጎረቤቷ፣ አንዲት ቬትናማዊት አሮጊት፣ በሌሊት ልብሷ ወጥታ ስልኳን እንደ ድንጋይ ወደ እኛ አነሳች። “አይ ኮል ፖሊስ!”

“ኮል! ኮል! አምቡላንስም ኮል አድርጊ!” አልኳት። እሷ ስትደውል እኔ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ሮጥኩ። ሦስት ጥቁር ሽማግሌዎች፣ ገና ባልነጋ፣ የሰው ቤት መስኮት ሲታገሉ። አንዱ ፖሊስ ደንግጦ ቢደርስብን ማን ያስረዳልናል? በጠመንጃ መፍቻዬ በአራት ደቂቃ ከፈትኩት። እንዴት እንደከፈትኩት አልጽፍም፤ ይህን ሌባም ያነበዋል። በሰባ ሁለት ዓመቴ በመስኮት ገባሁ። ሱሪዬ ተቀደደ።

እታገኝ ፍሪጁን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል። አንድ እጇ ደረቷ ላይ ነው። ለሐጂና ለአቶ መኮንን በሩን ከፈትኩላቸው።

“የት ነው የሞተው?” አለችኝ በቀስታ። ጩኸቱ ይሻለኝ ነበር።

“ማንም አልሞተም። ናሆም ደህና ነው።”

“ወላሂ ደህና ነው” አለ ሐጂ።

“በማርያም ስም እምልልሻለሁ” አለ አቶ መኮንን።

ፈገግ አለች። እንዲህ ያለ ፈገግታ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። “ተፈራንም እንዲሁ ነበር ያላችሁኝ። ‘ትንሽ አሞታል’ አሉኝ፣ ጋሽ ሰይድ። እርስዎ ነዎት ያሉኝ። አምኜዎት ሾርባ ጥጄ ነበር፤ ሆስፒታል ሄጄ ላጠጣው። ሾርባው ሲፈላ ነው ቀስ ብለው የነገሩኝ።”

ልክ ናት። በአሥራ አንድ ቤት ስዋሽ ኖሬ፣ በአሥራ ሁለተኛው እውነት ስናገር ማን ይመነኝ?

“ማሽኗ ናት የተሰበረችው” አልኩ። “ፒንቦሏ።”

“ለፒንቦል ነው ሦስት ሽማግሌ በዚህ ሰዓት?” ትንፋሿ አጠረ። “ተዉ፣ አትሸንግሉኝ። ንገሩኝና ልሙት።”

“ኮል አድርግለት ልጁን!” አለኝ ሐጂ። ደወልኩ። ስልኩ ሳይጠራ በቀጥታ ወደ መልእክት መቀበያው ገባ። የናሆም ድምፅ “ሊቭ ኤ ሜሴጅ” ሲል እናቱ ሰማች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ እጇ ከደረቷ ላይ ወደቀ።

ያኔ ካርቶኑ ትዝ አለኝ። ወደ መኪናው እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ይዤው ገብቼ ፎጣውን እፊቷ ዘረጋሁት። “እታገኝ፣ ዓይንሽን ክፈቺ። ክፈቺ እንጂ! ይቺ ማናት?”

ከፈተች። በመጀመሪያ ያየችው ቀዩን ጃንጥላ ነው። ጣቷን ልካ ነካችው። ቀጥሎ ገመዱን። ቀጥሎ ከአውራ ጣት የማትበልጠውን፣ የሴትዮዋ ፊት ያለባትን ስባሪ አንስታ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

“ማሽኗ ናት?”

“ማሽኗ ናት።”

“ሰው አልሞተም?”

“ሰው አልሞተም።”

“አንተ የማትረባ ሽማግሌ!” አለችኝ። “አንተ ነህ ልትገድለኝ የመጣኸው!” በሕይወቷ አንተ ብላኝ አታውቅም። ያን ስድብ ከሽልማት ቆጥሬዋለሁ። እየሳቀች አለቀሰች፤ ፊቷ ላይ ጥቂት ደም ተመለሰ። ለሰዓታት ልነግራት የፈራሁት ነገር ነው ያተረፋት።

አምቡላንሱና ፖሊሱ አብረው ደረሱ። ፖሊሱ ወጣት ነው። እጃችንን በሚታይ ቦታ አድርገን ደረደርነው።

“ለምን መጣችሁ?” አለን።

“ስለ ፒንቦል ማሽን ልንነግራት” አልኩ።

“ገና ሳይነጋ? ሦስት ሆናችሁ?”

“የእኛ ባህል ነው” አለ ሐጂ።

ፖሊሱ ማስታወሻውን አየ፣ እኛን አየ፣ ብዕሩን ኪሱ መለሰው።

ሆስፒታል ልቧ በድንጋጤ ክፉኛ እንደተመታ ነገሩን፤ ተኝታ መታየት አለባት። እኛ ውጭ ተቀመጥን። ሐጂ ሥራው ቀረ። እዚህ ጋ ታሪኩ ያለቀ ይመስላችኋል። እኔ ግን እውነተኛውን ፍርሃት ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው።

ናሆም ስልክ አያነሳም። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደወልኩ። ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ሐጂ በራሱ ስልክ፣ አቶ መኮንን በራሱ። ልጁ ማታ ከኔቫዳ እንደሚነሳ ለእናቱ ነግሯት ነበር፤ ተራራው ላይ በረዶ እየጣለ ነው። እታገኝ በነርሷ በኩል “ደወለ?” ትላለች። “አሁን ይደውላል” እላለሁ። ትተኛለች። አሁን እሷ አምናኛለች፤ የማላምነው እኔ ሆንኩ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። በአእምሮዬ ትራኩ ገደል ሲገባ አየሁት። እውነት ሞቶ ቢሆንስ? መርዶውን ሳይመጣ ጠርቼው ቢሆንስ? በዚያ በር ገብቶ የሚነግራት ማን ነው? እኔ ነኝ። ምን ብዬ? ኪሴ ውስጥ ኳሷን አሻለሁ።

“ከጠዋት ጀምሮ ኪስህ ውስጥ የምታሻት ነገር ምንድን ናት?” አለኝ አቶ መኮንን ድንገት።

አወጣኋት። ሁለቱም አዩዋት። ሐጂ ታክሲ ነጂ ቢሆንም ብልህ ነው።

“ከውስጥ ነው የተሰበረው ማለት ነው” አለ።

“አዎ። አውጣት ማለት ረሳሁ።”

“ትራንስፖርቱ አይደለማ።”

“አይደለም።”

“ታዲያ እኛን ለምን አመጣኸን?”

“ከፊቴ እንድትቆሙልኝ” አልኩት። ሐጂ መቁጠሪያውን አውጥቶ ማንከባለል ጀመረ፤ አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ እወድ ነበር። እኔም በልቤ ተሳልኩ፦ ያ ረቢ፣ ይህ ልጅ ይደውል እንጂ ኳሷን ለእናቱ በእጇ አስይዤ እውነቱን እነግራታለሁ።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ስልኬ ጮኸ።

“ጋሽ ሰይድ? ሁ ዳይድ?” አለኝ ናሆም፤ ማን ሞተ ማለቱ ነው። በረዶው መንገድ ዘግቶበት ትራኩን አቁሞ፣ ስልኩን አጥፍቶ ተኝቶ ነበር። ሲነሳ ከሦስት ሽማግሌዎች ሃያ ሰባት ጥሪ አገኘ። እሱም የእኛው ልጅ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

“ማንም አልሞተም። ኖባዲ። እናትህ ደንግጣ ታማ ነበር፤ ተሽሏታል፤ አሁን አገናኝሃለሁ። ሁሉ የሆነው እኔ የአባትህን ፒንቦል ሰብሬ ነው።”

“ዋት?”

“ሰበርኩት። እኔ።”

እናትና ልጅ ሲነጋገሩ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሲጨርሱ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ኳሷን መዳፏ ላይ አደረግኩ፤ ሁሉንም ነገርኳት። አንድም ቃል አላለሰለስኩም። ኳሷን በጣቶቿ አዞረቻት፤ ከዚያ ‘አንተ’ ማለቱን ትታ ወደ ‘እርስዎ’ ተመለሰች።

“እስከ ዛሬ ስንት መርዶ ነገሩ ጋሽ ሰይድ?”

“በዛሬው አሥራ ሁለት።”

“የራስዎ ግን ይቺ ብቻ ናት” አለችኝ።

አንባቢዬ ሆይ፣ እኔ ራሴን ብዙ ነገር አስተምሬአለሁ፤ ይህን ግን ያስተማረኝ ሰው ነው። ያፈርንበትን ነገር የሞት ልብስ አናልብሰው። አንድ ነገር ሰብራችሁ እንደሆነ ብቻችሁን ሂዱ፤ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ምሳውን በልቶ። ስትደውሉም የመጀመሪያው ቃላችሁ “ሰው ሁሉ ደህና ነው” ይሁን። ከዚያ ወዲህ አንድ እውነተኛ መርዶ ለመንገር ተጠርቼ ሄጃለሁ። ሰውዬውን አስቀምጬ፣ እጁን ይዤ፣ ዘመዱ እንደሞተ ነገርኩት። “ትንሽ አሞታል” አላልኩም። ጉልበቴን አቅፎ አለቀሰ፤ ሾርባ ግን አልጣደም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእነዚህ እጆች የሠራሁትን ቆጥሬ ላብቃ፤ መኩራቴን አልተውኩማ።

በአራት ደቂቃ መስኮት ከፈትኩ፤ መስታወቱ አልተጫረም።

ዴንቨር ደወልኩ። የተፈራ ወንድም “እኔ ነኝ በደንብ ያላሰርኳት” እያለ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነግሬ አስተኛሁት።

ለሐጂም ለአቶ መኮንንም ዋሽቼ እንደነበር በጓደኞቻችን ፊት ተናገርኩ። ሐጂ እስከ ዛሬ ይቀልድብኛል።

የሥዕሉን መቶ አርባ ሦስት ስባሪ በወረንጦ እያነሳሁ በሁለት ንጹሕ መስታወቶች መካከል ገጠምኩ። ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ። ሰብሳቢዎች አይሆንም ብለውኝ ነበር። የሴትዮዋ ፊት ሙሉ ነው፤ ገመዷ ላይ ብቻ ስንጥቅ አለ፣ እሱም መብራት ሲበራ ይታያል፤ አልሸፈንኩትም።

ለሠርጉ አላደረስኳትም። ከሠርጉ በኋላ በአምስተኛው እሑድ ግን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ብቻዬን፣ ሳን ሆዜ አደረስኳት። ናሆም ሲጫወት ደወሎቿ ሁሉ ጮኹ።

ኳሷን አዲስ ገዛሁላት። አሮጌዋ ኳስ በእታገኝ በር አጠገብ፣ ቁልፍ የምታስቀምጥበት ሳህን ውስጥ ናት። በገባሁ ቁጥር ኳሷን አያታለሁ፤ እታገኝም ሳያት ታየኛለች፤ ከዚያ “ይግቡ ጋሽ ሰይድ” ትለኛለች።